በእመቤታችን እግር ሥር፤ በናርጋ ሥላሴ ስለ ተሣለው የእቴጌ ምንትዋብ ሥዕል

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ይነሣሉ። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከሚቆመው ከዚያ ተራራ ወርደው፥ አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው፥ በመጨረሻ ጣና ይገባሉ። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕሩ የሚወርድ መንገደኛም ከእነዚህ ውሆች ጋራ አብሮ ይወርዳል። ከባሕሩም ዳር ደርሶ በታንኳ ቢሻገር ደቅ የምትባለውን ሰፊ ደሴት ያገኛል፤ ከእርሷም አጠገብ ናርጋ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በዚያ ያለው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንደ አገሩ ልማድ ክብ ሆኖ የተሠራ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ቅድስት የገባ ሰው የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ያየዋል። ከሥዕሎቹም አንዱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ፥ ከእግሯ ሥር ደግሞ አንዲት ሴት ግምጃ ለብሳ በደረቷ ተደፍታ የሚያሳየው ነው። የተደፉት ሴት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

ስለዚህ ሥዕል ብዙ ተጽፎአል። ማርዮ ዲ ሳልቮ የተባለ ኢጣልያዊ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ናርጋ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ክሌር ቦስ ቲዬሴ የተባለች የፈረንሳይ ሊቅም በ2008 እ.ኤ.አ. የጣናን ደሴቶችና የነገሥታቱን ሥዕሎች የመረመረችበትን መጽሐፍ አወጣች። እነዚህ ሊቃውንት ዘመኑን፥ ጨርቁን፥ ቀለሙንና የሥዕሉን ዘር መርምረዋል፤ ሥራቸውም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ከሊቃውንት ምርመራ ውጭ፥ ሥዕሉን ቆሞ የሚያይ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ የእኒህ ሴት ልብ በዚያ ሥዕል ውስጥ በምን ኹኔታ ላይ ነው? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው፥ ነገሩ ኩራት ነው የሚል ነው። ዘውድ የደፉ፥ መንግሥት የያዙ ሴት በመቅደስ ግድግዳ ላይ ራሳቸውን ማሣላቸው፥ ያውም ጌጣቸውን ሳያወልቁ፥ ትሕትናን አስመስሎ ክብርን ማሳየት ነው ይባላል። ሁለተኛው መልስ፥ ነገሩ ኀዘን ነው የሚል ነው። ልጃቸውን የቀበሩ፥ የልጅ ልጃቸውም የተገደለባቸው እናት ከኀዘንተኞች እናት እግር ሥር ወድቀው ያለቅሳሉ ይባላል። ይህ ሁለተኛው መልስ ለልብ የቀረበ ነውና ብዙ ሰው ይወድደዋል። ኹለቱም ግን ሥዕሉን አስተውሎ ለሚያይ፥ ዘመኑንም ለሚቈጥር ሰው አይበቁትም።

አስቀድሞ ዘመኑ ይቈጠር። አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረ። እናቱ ምንትዋብ፥ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ በዚያው ዓመት ዘውድ ደፍተው ብርሃን ሞገሳ ተባሉ፤ ከሕፃኑም ጋራ መንግሥቱን ያዙ። የናርጋ ቤተ ክርስቲያን የተሠራውና የተሣለው በዚህ በኢያሱ ዘመን ነው። ኢያሱ ያረፉት በ1747 ዓ.ም. ነው፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ የተገደሉትም በ1761 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ቀለሙን በበጠበጠ ጊዜ እነዚህ ሁለት ኀዘኖች ገና አልመጡም ነበር። በሥዕሉ ፊት ቆሞ ለልጃቸው ያለቀሱትን እናት አየሁ የሚል ሰው ያየው በግድግዳው ላይ ያለውን ሳይሆን ከታሪክ መጽሐፍ ይዞት የመጣውን ነው። ይህ ስሕተት በሥዕል ተመልካቾች ዘንድ የተለመደ ነው። የሰውዬውን ፍጻሜ ስለምናውቅ በፊቱ ላይ እናነብበዋለን፤ ፊቱ ግን ያን ጊዜ ፍጻሜውን አያውቅም።

ደግሞም ፊቱ የማን ፊት ነው? ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምንትዋብ ማለት ምንኛ ታምር፥ ምንኛ ውብ ናት ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ መልክን ያስጠብቃል። ሠዓሊው ግን የእኒህን ሴት መልክ ከሌላው ሴት መልክ ለይቶ ለማስቀረት አልደከመም። ሞላ ያለው ፊት፥ ሰፊው ዐይን፥ በጥላ የተለሰለሰው ጉንጭ፥ በዚያ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ለቅዱሳት አንስትም ለመላእክትም የሰጡት ፊት ነው። በአውሮፓ ልማድ መልክን መምሰል የሥዕሉ ዋና ነገር ነው፤ ፈገግታው ምን ማለት ነው እያሉ አምስት መቶ ዓመት የተከራከሩበት የፍሎሬንስ ሴት ሥዕልም የሚኖረው በዚሁ ነው። በናርጋ ግን የእቴጌይቱን ማንነት የሚነግረው ፊቱ አይደለም፤ ልብሱ፥ ቦታውና አኳኋኑ ነው። ስለዚህ የልባቸውን ኹኔታ በከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

በፊቱ ላይ የሚነበብ አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የዐይኑ ቍጥር ነው። በአገራችን የሥዕል ሕግ ደግ ሰው ሁለቱም ዐይኖቹ ይታያሉ፤ ክፉ ሰው ግን ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዐይን ብቻ ይሣልበታል። ይሁዳም ጌታን የሰቀሉትም በዚህ ይታወቃሉ። መሬት ላይ የተደፋን ሰው እንደ ተፈጥሮው ቢሥሉት ፊቱ ወደ ምድር ይሆናል፤ ዐይኑም አይታይም። የጎንደር ሠዓሊ ግን በእግር ሥር የወደቀውን ባለ ሥዕለት ሁሉ ቀና አድርጎ ሁለት ዐይኑን ያሳየዋል። ይህን አለማወቅ ያመጣው ስሕተት ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዐይኑ የሚታየው ለምኖ የሚጠብቅ ሰው ስለ ሆነ ነው። ያፈረ ሰው ግንባሩን መሬት ያስነካል፤ የሚያለቅስ ሰው ፊቱን ይሸፍናል፤ የሚጠብቅ ሰው ግን ያያል።

የሚጠብቁትስ ምንድር ነው? ከዚህ ላይ አንድ የግእዝ ቃል ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ ይረዳል። እንዲህ ባሉ ሥዕሎች አጠገብ በሚጻፈው ጽሑፍ ዘወትር የሚገኘው ግሥ ተማሕፀነ የሚለው ነው፤ ባለ ሥዕለቱ በእመቤታችን ተማጠነ፥ ራሱን ለእርሷ አደራ ሰጠ ማለት ነው። የዚህ ግሥ ሥር ሐፀነ ነው፤ አሳደገ፥ አጠባ፥ ሞግዚት ሆነ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ሕፃን ይወጣል፤ ከዚሁም ማሕፀን ይወጣል። እንግዲህ የተማሕፀነ ሰው፥ ቃሉ በጥንቱ እንደሚለው፥ ራሱን እንደ ሕፃን ለሚያሳድገው የሰጠ ነው። የሥዕሉ ምሥጢር ሁሉ ከዚህ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ከላይ እናት አለች፥ በክንዷም ንጉሥ የሆነ ሕፃን አለ። ከታችም እናት አሉ፥ የእርሳቸውም ልጅ በሕፃንነቱ የነገሠ ነው። ከታች ያሉት እናት ግን በዚህ ሥዕል ራሳቸው ሕፃን ሆነዋል።

ይህ ለቃል ውበት የተባለ አይደለም፤ በእቴጌይቱ ኑሮ የተጻፈ ነገር ነው። በ1725 ዓ.ም. ገደማ፥ ኢያሱ ገና ልጅ ሳለ፥ ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ አንግሠው ጎንደርን ከበቡ። እናትና ልጅ ከግንቡ ቅጥር ውስጥ ተዘግተው ሰነበቱ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑልና ሌሎች ዘመዶቻቸው ቅጥሩን ጠበቁ፤ ከውጭ ረዳት ጦር መጥቶ እስኪያድናቸው ድረስ ከተማው በእሳትና በጦርነት ተጨነቀ። ከዚያ በኋላ እቴጌይቱ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ሲሠሩ ደብሩን ቍስቋም አሉት። ቍስቋም በግብፅ ያለ ስፍራ ነው፤ እመቤታችን ከሄሮድስ ፊት ልጇን ይዛ ሸሽታ የተቀመጠችበት ነው። ለነገሥታት ደብር የሚሆን ስም እጅግ ብዙ ሳለ፥ የተሰደደችው እናት ከሕፃኗ ጋራ የተጠጋችበትን ስፍራ ስም መምረጣቸው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የናርጋው ሥዕልና የቍስቋም ስም አንድ ነገር ይናገራሉ። ሕፃን ንጉሥ ያላት እናት ጠላቷ ብዙ ነው፤ መጠጊያም ትሻለች።

እንግዲህ ነገሩ ኩራት ነው ያሉትን ሰዎች መመለስ ይገባል። በከፊል እውነት አላቸው። ንግሥናን ፈልጎ መያዝ፥ ደብር ማሠራት፥ በደብሩም ውስጥ መሣል የክብር ሥራ ነው፤ ምንትዋብም ክብራቸውን የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ነገር ግን በዚህ ግድግዳ ላይ ክብር እንዴት እንደ ተቀመጠ ይታይ። በ1435 እ.ኤ.አ. ገደማ ያን ቫን ኤይክ የተባለው የፍላንደር ሠዓሊ ኒቆላስ ሮሊን የተባለውን የቡርጎኝ መስፍን አማካሪ ከእመቤታችን ፊት ሥሎታል። ሮሊን ተንበርክኮአል፥ እጁንም አጋጥሞአል፤ ነገር ግን ቁመቱ ከእመቤታችን ቁመት ጋራ እኩል ነው፥ የተቀመጠውም ከእርሷ ጋራ ባንድ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ዐይን ለዐይን ሊተያዩ ምንም አይቀራቸውም። በቍስጥንጥንያ በሐጊያ ሶፍያ የላይኛው ክፍል የተሠራችው ንግሥት ዞኢ ደግሞ ከክርስቶስ አጠገብ ቆማ ጥቅልል ይዛለች፤ የባሏም ፊት ባል በተለወጠ ጊዜ ተፍቆ በአዲስ ፊት እንደ ተተካ በሥራው ላይ ይታያል። በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ከንጉሣዊው በር በላይ ግን ሌላ ሥዕል አለ፤ ብዙዎች ሊዎን ስድስተኛ ነው የሚሉት ንጉሥ ከክርስቶስ ዙፋን ሥር ተደፍቶአል። የናርጋው ሥዕል ዘመዱ ይህ ነው እንጂ የሮሊን አይደለም። ምንትዋብ ከእመቤታችን ጋራ አልተስተካከሉም፥ አጠገቧም አልቆሙም። ዘውድ የደፋ ሰው ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛ ቦታ የት እንደ ሆነ ሠዓሊው ያውቃል፥ ከዚያም አስቀምጦአቸዋል።

ስግደቱም በትክክል መታየት አለበት። ካህናት የአምልኮት ስግደትና የጸጋ ስግደት ልዩ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ የመጀመሪያው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፥ ሁለተኛው ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ነው። ሠዓሊው ይህን ልዩነት በቀለም እንዴት ያስረዳል? እመቤታችንን ያለ ልጇ ባለመሣሉ ነው። የተደፉት ሴት የሚያዩት ወደ ላይ ነው፤ ዐይናቸው በመጀመሪያ ከእናቲቱ ጕልበት ይደርሳል፥ ከዚያ ከሕፃኑ። ኪዳነ ምሕረት እየተባለ በየካቲት 16 ቀን የሚከበረው ቃል ኪዳን ስሟን የጠራ፥ በስሟም መልካም የሠራ እንዲማር ልጇ የሰጣት ነው። ባለ ሥዕለቱ በእርሷ የሚማጠነው ሕፃኑ የሰጣትን ቃል ይዞ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ እንደ ውል ወረቀት ነው፤ ከላይ ቃል የሰጠና ቃል የተሰጣት አሉ፥ ከታች ደግሞ ቃሉን የሚጠብቅ አለ።

የላይኛው ክፍል ዘሩ ከሩቅ አገር ነው። በሮማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ግልባጭ የኢየሱስ ማኅበር መነኮሳት ወደ ብዙ አገር ወሰዱት፤ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። መነኮሳቱ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። የኢትዮጵያ ሠዓሊዎችም የራሳቸው አደረጉት፤ እጆቿ እንዴት እንደ ተደራረቡ፥ ሁለቱ ጣቶቿ እንዴት እንደ ተዘረጉ፥ በእጇ የያዘችው መሐረብ እንኳ ሳይቀር ጠበቁት። ይህ መሐረብ በጥንት ሮማ የሹማምንትና የነገሥታት ምልክት ነበረ። የጎንደር ሠዓሊ ይህን ታሪክ ይወቀው አይወቀው፥ መሐረቡን የያዘችው ሰማያዊቱ ንግሥት ከሆነች ምድራዊቱ ንግሥት ባዶ እጃቸውን መቅረታቸው ተገቢ ነው። አስተማሪው ቢባረር ትምህርቱን መርጦ ማስቀረት የዚህ አገር የቆየ ጠባይ ነው፤ በቅኔም በዜማም ብዙ ጊዜ ታይቶአል።

አሁን ስለ ልብሱ። ከዚህ ላይ ሥዕሉ ሊመሰገንም ሊነቀፍም ይችላል። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ፥ በምጥዋ በኩል፥ ብዙ ግምጃ ወደ ጎንደር ይገባ ነበር፤ ሠዓሊዎቹም በዚህ ጨርቅ ተማርከው ነበር። አበባውን፥ ሐረጉን፥ የወርቁን መስመር አንድ በአንድ እየቈጠሩ ይሥሉ ነበር። በናርጋም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ጨርቁ ሥጋውን አይከተልም። ክንድ ሲታጠፍ ልብስ ይታጠፋል፥ ጕልበት ሲነሣ ልብስ ይነሣል፤ የሠዓሊው አበባ ግን እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ከልብሱ በታች ሥጋ ያለ አይመስልም። በሌላ ሥራ ቢሆን ይህ ያለ ጥርጥር ጉድለት ይባል ነበር፤ በዚህም ሥራ ጉድለት አይደለም ማለት አድልዎ ነው። ሆኖም ጉድለቱ ሠዓሊው ያላሰበውን ነገር ሠርቶለታል። የመንግሥት ልብስ በእመቤታችን እግር ሥር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎአል። ንግሥቲቱ ጌጣቸውን አላወለቁም የሚለው ነቀፋ በዚሁ ይመለሳል። ጌጣቸውን አውልቀው በማቅ ቢሣሉ ኖሮ፥ የተደፋችው ሴት ወለተ ጊዮርጊስ ብቻ በሆነች ነበር። ግምጃውን ለብሰው ስለ ተደፉ ግን የተደፋው መንግሥቱም ነው።

ከዚህ በፊት በአንድ መቶ ዓመት ያህል የሚቀድም ሌላ ሥዕል አለና ማስተያየት ይረዳል። በጣና ሰሜን ዳር በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም፥ የአፄ ፋሲለደስ እኅት የነበሩት መለኮታዊት እንዲሁ ከእመቤታችን እግር ሥር ተሥለዋል። በዚያ ሥዕል መስመሩ ጠንካራ ነው፥ ቀለሙ ድርብ የለውም፥ ጥላም አልገባበትም። መለኮታዊትን ያየ ሰው አንድ ምልክት ያየ ይመስለዋል፤ ልክ እንደ ማኅተም ነው። ምንትዋብን ያየ ሰው ግን ጉንጩ የተለሰለሰ፥ የኋላውም መደብ ከብጫ ወደ ቀይ እየደመቀ የሚሄድ ሥዕል ያያል። አኳኋኑ ያው ነው፤ ስሜቱ ግን ሞቆአል። የሥዕሉ ትልቅ ጥበብ ያለው ከፊቱ ይልቅ ከመደቡ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ያ ከብጫ ወደ ቀይ የሚሻገር ቀለም ቀን ነው ማታም ነው ለማለት ያስቸግራል፤ በጣና ላይ ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ውሃው ይህንኑ ይመስላል። ፊቱ ዝም ያለውን መደቡ ይናገራል፤ የሚናገረውም ኀዘን አይደለም፥ ደስታም አይደለም፤ የሚጠበቅ ነገር ሊመጣ ሲል ያለ ሰዓት ነው።

በናርጋ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ እንግዳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው፥ ያዕቆብ ብሩስ ነው የሚባለውን ባለ ፒፓውን ሰው ቅርጽ ነው። ብሩስ ወደ ጎንደር የመጣው በ1762 ዓ.ም. ነው፤ እቴጌይቱን በቍስቋም አግኝቶአቸዋል፥ በቤታቸውም በፈንጣጣ የታመሙትን ልጆች አስታምሞአል። ስኮትላንዳዊው በጭስ ሲጫወት ለማየት ቸኩሎ መቅደሱን ሳያይ የሚወጣ መንገደኛ መኖሩ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን ይህ ነቀፋ ወደ መንገደኛው እንጂ ወደ ቅርጹ አይሄድም።

ብሩስ ያያቸው ምንትዋብ በሥዕሉ ላይ ያሉት ምንትዋብ አልነበሩም። ልጃቸው ሞተው፥ የልጅ ልጃቸው ተገድለው፥ ሥልጣኑ ከእጃቸው ወጥቶ በቍስቋም የተቀመጡ እመቤት ነበሩ። በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ መንግሥት ስሙ ከጎንደር ቀረ፥ ኃይሉ ግን ወደ መሳፍንቱ ሄደ፤ የየጁ ራሶችም በጉና ሥር ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ። ቍስቋም በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ፈረሰ። ዛሬ በቍስቋም የእቴጌይቱ፥ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም በአንዲት ባለ መስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ለጎብኚ ይታያል። ሦስቱም በአንድ ሣጥን ናቸው። ከናርጋ ሥዕል ፊት የሚያለቅስ ሰው ልቅሶው የሚገባው በዚህች ሣጥን ፊት ነው፤ ሥዕሉ ከዚህ ሁሉ በፊት የተሣለ የአደራ ሥዕል ነው። አደራው ተጠበቀ ወይስ አልተጠበቀም የሚለው ነገር ከሥዕሉ ዳር ውጭ ነው፤ መልሱም በምድር ዘመን ብቻ የሚለካ አይደለም።

ከራስ ጕግሣ ዘር የተወለዱት፥ ለዚህ ለጉና አገር እንግዳ ያልሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡልም መልካቸው ቀርቶልናል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፍ ውስጥ እቴጌ ጣይቱ ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብለው ያያሉ፤ አካላቸው ከብዶ ተቀምጦአል፥ መልካቸውም የራሳቸው ነው፥ ከሌላ ሴት ጋራ አይምታታም። ለታሪክ ፎቶግራፉ ይበልጣል። ነገር ግን ፎቶግራፍ ሰውዬውን ብቻውን ያስቀምጠዋል፤ ከማን በታች እንደ ሆነ፥ በማን እንደ ተማጠነ አይናገርም። ጣይቱ ፀሎተኛ ሴት እንደ ነበሩ የሚያውቅ ሰው ይህን ከመጻሕፍት ያውቃል እንጂ ከፎቶግራፋቸው አያገኘውም።

ስለዚህም የናርጋው ሥዕል በመጽሐፍም በካርድም ሲታተም የሚደረግበት አንድ ነገር መነቀፍ አለበት። የተደፉትን ሴት ብቻ ከታች ቈርጦ አውጥቶ እቴጌ ምንትዋብ ብሎ ማተም ሥዕሉን ማፍረስ ነው። የላይኛው ክፍል ሲቈረጥ ምንትዋብ ወለል ላይ የተጋደሙ፥ ያጌጡ፥ ምን እንደሚያዩ የማይታወቅ ሴት ሆነው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ኩራት ነው የሚለውም፥ ኀዘን ነው የሚለውም እንደ ወደደ ሊፈርድ ይችላል፤ የሚያዩትን ነገር ቈርጠንባቸዋልና። እመቤታችንንም ብቻዋን ቈርጦ ማተም ጥፋቱ ያነሰ አይደለም፤ የሰጪና የተቀባይ ሥዕል ከሆነ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መውሰድ አይቻልም። ሙሉውን ለማተም ገጹ ከጠበበ ሌላ ሥዕል መምረጥ ይሻላል።

ይልቁንም ሥዕሉ ቤቱን ይፈልጋል። በአንዳንድ የጣና ደሴት፥ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉት፥ ሴት አትገባም፤ በናርጋ ግን ትገባለች። በክብ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሴቶች በደቡብ በር ገብተው በቅድስት ውስጥ ለቍርባን ይቆማሉ። ክርስትና የተነሡ ሕፃናትም በእናቶቻቸው ክንድ ሆነው ይቈርባሉ። በዚያ ሰዓት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሕፃኗን የታቀፈች እናት አለች፥ ከእግሯም ሥር ሕፃን ንጉሥ የነበራቸው እናት ተደፍተዋል፤ ከግድግዳው ወዲህም ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች ልጆቻቸውን በክንዳቸው ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ።